የተሰረቀው ርቀት

ቀያሹ ፈሪ ሰው ነበር፤ ይህን እሱም አይክድም። ከቤት ወጥቶ መንገዱን ካጋመሰ በኋላ «ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን?» ብሎ ይመለሳል። ስልክ ካለወትሮው ሰዓት ከጮኸ መጀመሪያ የሚታየው መርዶ ነው። እናቱ ደፋር እንዲሆንላት ብላ «የፈሩት ይደርሳል» እያለች ነበር ያሳደገችው። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ መፍራቱን ራሱን መፍራት ያዘ።

የሚያረጋጋው ሥራው ነበር። የመለኪያ መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ሲያነጣጥር ዓለም ልክ ታገኛለች። ከዚህ ግንብ እስከዚያ ጥግ ይህን ያህል ነው፤ ነገም ያው ነው። በመሥሪያ ቤቱ «እሱ የለካው ድጋሚ አይለካም» ይባልለት ነበር፤ በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሣሪያውን ታቅፎ ወደ አንድ አሮጌ ሕንጻ ጣሪያ ሊወጣ አሳንሰር ውስጥ ገባ። አሳንሰሩ ሁለት ፎቅ መሃል ሲደርስ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ። መብራቱም ድርግም አለ።

የቀያሹ ነፍስ አፍንጫው ሥር ደረሰች። በሩን ደበደበ፣ ተጣራ፣ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ከበላዩ የሴት ድምፅ መጣ።

«ወንድሜ፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ! ሊወድቅ ነው መሰለኝ!»

«አይወድቅም። ልውደቅ ቢል እንኳ የሚያስፈቅደው እኔን ነው።»

«አንቺ ማነሽ?»

«የሊፍት ጠጋኝ ነኝ። አሁን ንገረኝ፣ እጅህ ላይ ምን ይዘሃል?»

«መሣሪያ ነው፤ ርቀት የምለካበት።»

«እስቲ ስለሱ አጫውተኝ። እኔ እየሠራሁ እሰማሃለሁ።»

አጫወታት። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ማዕዘኑ፣ ዝናብ ሲዘንብ እንዴት እንደሚያስቸግር፤ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ሁሉ ዘረገፈው። ድምፁ እየረጋ ሲመጣ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነው፤ ቀጥሎ በቅባት የጠቆሩ እጆቿን፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብላ የምታየውን ዓይኗን። ለማመስገን የከፈተው አፉ ቃል አጥቶ ቀረ።

«አፍህን ዝጋው፣ አቧራ አለ» አለችውና እጇን ዘረጋችለት።

የሥራ ባልደረቦቿ «ሽቦ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነችና ስለማትበጠስ። ቀያሹም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ደረጃው ላይ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ መሣሪያውን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ይሄ ውሃ ላይም ይለካል?»

«ዳር ላይ ከቆመ ይለካል። ለምን?»

ነገረችው። ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ሳያርፉ አከታትሎ የሚያስኬደው ረጅሙ የትሪያትሎን ውድድር በጋው ላይ አለ። ብስክሌቱንም ሩጫውንም ትችላለች። ዋናው ግን አራት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ያውም ሐይቅ ላይ።

«ገንዳ ውስጥ ግድግዳ አለ፤ ነክቼ እመለሳለሁ። ሐይቅ ውስጥ ግን ምን ያህል እንደሄድኩ አላውቅም። ርቀት የሚቆጥር ሰዓት ነበረኝ፣ የሊፍት ጉድጓድ በላው። ቁርጡን ካላወቅኩ ምኑን ተለማመድኩት?»

«እለካልሻለሁ» አለ ቀያሹ። ውሃ ከጉልበቱ በላይ ከደረሰ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ግን አልነገራትም።

ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ዳር ተገናኙ። እሱ መሣሪያውን የጀልባ መቆሚያው እንጨት ላይ አቆመ፤ እሷ የመሣሪያውን ጨረር የሚመልሰውን መስታወት ይዛ በኪራይ ጀልባ ወደ ውስጥ ቀዘፈች። በእጁ ምልክት ይመራታል፤ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ቁሚ። ሁለት እጁን ሲያነሳ ሲሚንቶ የሞላ ከረጢት በገመድ ወደ ታች ለቀቀች፤ ዱባ የምታክል ብርቱካንማ ኳስም ውሃው ላይ ተንሳፍፋ ቀረች።

«አንድ ኪሎ ሜትር?» ብላ ተመልሳ ጠየቀችው።

«አንድ ኪሎ ሜትር።»

«ቁርጥ?»

«ቁርጥ።»

«ሁለቴ ደርሶ መልስ አራት ይሆናል። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማምነው አንተን ነው» አለችና ቢጫ የዋና ቆቧን አጠለቀች።

ለብቻ መዋኘት አደገኛ ስለሆነ አጠገቧ የሚቀዝፍ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ቀያሹ እንዴት እሺ እንዳለ ራሱም አያውቅም። የነፍስ አድን ጃኬቱን ከኮቱ በላይ ደርቦ፣ ቁልፉን ሦስቴ ፈትሾ ጀልባዋ ላይ ሲወጣ ሽቦ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሠርግ ነው የምትሄደው?»

«ብወድቅስ?»

«ዋናተኛ አጠገብህ አለ አይደል?»

እንዲህ ተጀመረ። በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ እሱ ይቀዝፋል፣ እሷ ትዋኛለች። የምትተነፍሰው በግራ በኩል ስለሆነ እሱም ጀልባውን በግራዋ ያደርጋል። ፊቷ ከውሃው ሲወጣ ግማሹ ይታየዋል፤ አንድ ዓይን፣ የተከፈተ አፍ። ከዚያ ይጠፋል፤ ደግሞ ይመጣል። በጠፋች ቁጥር የእሱ ትንፋሽ ይቆማል፣ በወጣች ቁጥር ይመለሳል። በመጨረሻ ዳር ሲደርሱ የደከመው ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር።

አንድ ቀን ጀልባውን በአንድ እጇ ይዛ ውሃ ስትጠጣ፣ «ታውቃለህ፣ በተነፈስኩ ቁጥር የማየው አንተን ነው» አለችው።

ምን ለማለት እንደፈለገች አላብራራችም፤ ጠርሙሱን መልሳለት ገባች። ቀያሹ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ ከረሜላ ሲያገላብጠው ከረመ።

የሽቦ አባት ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ሚስታቸው በሕመም ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። አሮጌው የፀጉር ቤት ወንበር ሳሎኑን ግማሽ ይዟል፤ ሽጡት ቢባሉ አሻፈረኝ ብለዋል። ቀያሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ሲጋበዝ ሽማግሌው አገጩን አየት አደረጉና፣ «ና ተቀመጥ፤ በዚህ ጢም ቤቴ አትበላም» አሉት።

ሳሙናውን ቀብተው ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሲያሳርፉ ወሬ ጀመሩ።

«ይህች ልጅ ከልክያት የተወችው ነገር የለም። ስለዚህ መከልከል ትቻለሁ። አትነቃነቅ።»

አልተነቃነቀም።

«እኔ ውሃ አላውቅም። ዳር ቆሜ ባያትም ልቤ አይችልም። አንተ ግን ከጎኗ ነህ።» ምላጩ ቆመ። «አደራህን ልጄ። ያለችኝ እሷ ናት። አንድ ነገር ብትሆን እኔን ቅበረኝ።»

ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው ምን ይላል? ቀያሹ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ «እሺ አባባ» አለ።

ሽቦ ከማድ ቤት ብቅ አለች። «አባዬ፣ እንዳትቆርጠው! ቀዛፊዬ ነው።»

ሽማግሌውም ሳቁ፣ ቀያሹም ሳቀ። አደራው ግን ሆዱ ውስጥ እንደዚያ የሲሚንቶ ከረጢት ወርዶ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ነፋስ ነበር። ኳሷ አጠገብ ሲደርሱ ሐይቁ እንደ ድስት ይንተከተክ ጀመር። ቢጫው ቆብ ሞገድ ላይ ይወጣል፣ ሞገድ ጀርባ ይወርዳል። አንዴ ወረደና አልወጣም።

ቀያሹ ጠበቀ። አልወጣም። ብድግ ሲል ጀልባው ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። «ሽቦ! ሽቦ!» እያለ ጮኸ፤ ነፋሱ ድምፁን ከአፉ እየነጠቀ ወሰደው። ዓይኑ የሚያየው ግራጫ ውሃ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ለአባቷ ምን እንደሚል፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ሽማግሌው የትኛው ወንበር ላይ እንደሚወድቁ ሁሉ ታየው።

ለካ ከኳሷ ጀርባ ነበረች። ገመዱን ይዛ፣ ውሃ እየተፋች ትስቃለች።

«ምነው ጮህክ? ሐይቁን ቀሰቀስከው እኮ!»

መቅዘፊያውን ጨብጦ መያዝ አቃተው። «በርዶኝ ነው» አላት።

በማግስቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ብቻውን ሐይቁ ዳር ሄደ። ጀልባ ተከራይቶ፣ እየተርበደበደ ኳሷ ጋ ደረሰ። ከረጢቱን ጎትቶ አነሳና ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ዳር አምጥቶ ጣለው። ያን ያህል ሞገድ የማይበረታበት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ለነፋሱ ወራት ብቻ ነው፤ በኋላ እመልሳታለሁ አለ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሽቦ ከውሃው ወጥታ ተራ የእጅ ሰዓቷን ስታይ ጮኸች።

«ፈጠንኩ! አየህ? ፈጠንኩ!»

ዘላ አቀፈችው፤ ኮቱ በውሃ ራሰ። ይቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፈችው ናት። እውነቱን መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው፤ አልተናገረም። እንዲያውም ሌላ ነፋስ በመጣ ቁጥር፣ በሌላ ሰኞ፣ ኳሷን ደግሞ ትንሽ ጠጋ አደረጋት። ከውሃ ውስጥ ላለ ሰው ሩቁ ዳር ሁሉ አንድ ነው፤ ፊቷን ውሃ ውስጥ ደፍታ የምትሄደው ሽቦ ምንም አልጠረጠረችም። ብትጠረጥርስ? የለካላት እሱ አይደለም እንዴ?

ደስታዋ በበዛ ቁጥር የእሱ እንቅልፍ አነሰ። በሥራ ቦታዋ እያፏጨች የሊፍት ገመድ ቅባት ትቀባለች፤ አባቷን አቅፋ «አባዬ፣ ለካ እችላለሁ!» ብላ አልቅሳለች። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ አብረው ሲሄዱ ክንዱን ያዘችውና፣ «ከውድድሩ በኋላ ለአባቴ እንንገረው» አለች።

«ምኑን?»

«ምኑን ይላል እንዴ!» ብላ ክንዱን ቆነጠጠችው።

ላሟ እሳት ወልዳ፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ቢነግራት ደስታዋን ይገድላል፤ ባይነግራት ውሸቱ አብሯት ይዋኛል። ኳሷን ወደ ቦታዋ ልመልሳት ይልና፣ ፍጥነቷ በአንድ ሳምንት ሲያሽቆለቁል የሚሰበረው ፊቷ ይታየዋል። ዛሬ ነገ ሲል የማጣሪያው ቀን ደረሰ።

የውድድሩ አዘጋጆች ሙሉውን ርቀት በተወሰነው ሰዓት ያልዋኘ አይመዘገብም ብለዋል። እያንዳንዱ ዋናተኛ ከጎኑ የሚቀዝፍ ሰው ይኖረዋል፤ ቀዛፊው አደጋ ካየ የሚያነሳው ቀይ ባንዲራም ይሰጠዋል። ሽቦ ገና ከመነሻው ተረጋግታ ሄደች። ጉልበቷን ቆጥባለች፤ ለምን ትጣደፋለች? ከዚህ በተሻለ ሰዓት ደጋግማ ጨርሳዋለች።

ቀያሹ ግን ያውቃል። ሰዓቱን ያያል፣ እሷን ያያል፣ የቀረውን ውሃ ያያል። ዓይኑ በአንድ እይታ ይለካል፤ ሙያው ነው፤ ያን ዕለት ግን ዓይኑን ቢያወጡለት በወደደ።

«ሽቦ፣ ፍጠኚ!»

ቀና አለች። «ምን?»

«ፍጠኚ! አይደርስም!»

ግራ ገብቷት አየችውና ክንዷን አፋጠነች። ዘገየ። የማብቂያው ፊሽካ ሲነፋ ዳሩ ገና ሩቅ ነበር። የአዘጋጆቹ ጀልባ መጥቶ አወጣት፤ ብርድ ልብስ ደረቡላት። አላለቀሰችም፤ እጆቿን እያገላበጠች ታያቸው ነበር፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆኑ ሁሉ።

«ሰውነቴ ከዳኝ» አለችው። «አንድ ነገር ሆኛለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለቀያሹ የሲኦል ሳምንት ነበር። ሽቦ ሐኪም ቤት ሄደች። ደሟን ሰጠች፤ ደረቷ ላይ ሽቦ ተለጥፎ ልቧ ተመረመረ። አባቷ፣ እናቷ የሞቱበት በሽታ ይሆን ብለው ምግብ እምቢ አሉ። አዘጋጆቹ ላልተሳካላቸው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሌላ ማጣሪያ እንዳለ ቢናገሩም፣ እሷ «በዚህ ሰውነት ውሃ አልገባም» ብላ ተወችው።

ቀያሹ ከዚህ በላይ አልቻለም። በምሳ ሰዓት ወደምትሠራበት ሕንጻ ሄዶ ጣሪያው ላይ ያለችው የሞተር ክፍል ገባ። ሽቦ የመሣሪያ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ይዛለች፤ አልበላችውም።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ልቤ ደህና ነው አለ። ደሜም ደህና ነው። እንግዲህ ምን ቀረ? ጭንቅላቴ ነዋ።»

«ሽቦ፣ አልታመምሽም።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?»

«ኳሷ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ አይደለችም።»

ሞተሩ አጉረመረመ፤ ገመዱ ሮጠ፤ ሰው ከታች ወደ ላይ ወጣ። ቆመ።

«ገመዱ ላልቶ ነው?» አለች ሽቦ ቀስ ብላ። «ሞገድ ገፍቷት ነው አይደል?»

እዚህ ላይ «አዎ» ቢል ያበቃ ነበር። ሞገድ ከሳሽ የለው፣ ጠበቃ የለው። በዓይኗም «አዎ በለኝ» እያለች እንደምትለምነው አየ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ እስኪጠራ ድረስ እሷ በሐኪም ቤት በር ስትንከራተት ማየት አልቻለም።

«አይደለም። እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኳት።»

«ስንት?»

«ሁለት መቶ ሜትር። ቀስ በቀስ።»

«ስለዚህ ፈጠንኩ ብዬ ስጨፍር...»

«አዎ።»

«አባቴን አቅፌ ሳለቅስ...»

«አዎ።»

ዳቦውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። «አሥረኛ ፎቅ ደርሰሃል ብዬ ስምንተኛው ላይ በሩን ብከፍትልህ ምን ትለኛለህ?»

«ፈርቼ ነው ሽቦ። ያን ቀን ስትጠፊብኝ... አባትሽም አደራ...»

«አባቴን አታምጣ!» ድምጿ ክፍሉን ሞላው። «መፍራትህን ማን ከለከለህ? ፍራ! የራስህን ፍርሃት ግን ለምን በእኔ ክንድ ታስዋኛለህ?»

ተነስታ ጓንቷን አጠለቀች፤ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ውረድ። በደረጃ ውረድ።»

ከሦስት ቀን በኋላ አባቷ የቀያሹ መሥሪያ ቤት ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የቀረበላቸውን ወንበር ሳይቀበሉ ቆሙ።

«አደራ ያልኩህ እንድትጠብቃት ነው፤ እንድታሳጥራት አይደለም።»

«ልክ ነዎት አባባ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዞ አደራ አይባልም።»

ቀያሹ ያን ዕለት የሚከብደውን ነገር አደረገ። አጠገቡ ወዳለው ጠረጴዛ፣ ዓመታት ሙሉ ስህተት ሲፈልግበት ወደኖረው ባልደረባው ሄዶ ሁሉንም ነገረው፤ ኳሷንም በሙሉ ርቀት ላይ እንዲያስቀምጥለት ለመነው። «ሽቦ የእኔን ልኬት ከእንግዲህ አታምነውም፤ አንተ ለካላት» አለው። ባልደረባው መጀመሪያ ሳቀ፤ የቀያሹን ፊት ሲያይ ሳቁን አቁሞ መሣሪያውን አነሳ። ነገሩ በሁለት ቀን ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ ተዳረሰ፤ «እሱ የለካው ድጋሚ አይለካም» የሚል ሰውም ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

አባቷ ወሬውን ለሽቦ አደረሱላት። ቅዳሜ ማለዳ እንደገና ውሃ ገባች። ጀልባው ላይ የተቀመጡት ግን አባቷ ነበሩ፤ ሁለት እጃቸውን ጠርዙ ላይ አጣብቀው ሲቀዝፉ ይቆማሉ፣ ሲቆሙ ይጸልያሉ። ቀያሹ የጀልባ መቆሚያው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቢጫውን ቆብ በዓይኑ ይከተላል። አየችው፤ ፊቷን መልሳ ውሃው ውስጥ ደፋች። በሳምንቱም እንደዚሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከውሃው ወጥታ፣ ጠብ ጠብ እያለች ፊቱ ቆመች።

«አባቴ አጥወልውሎት ቁርሱን ለዓሣ ሰጠው።»

«አየሁ።»

«ለምንድነው የምትሰልለኝ?»

«ስለላ አይደለም። ቤቴ ብቀመጥም ያው መፍራቴ አይቀርም። እዚህ ሲሆን ቢያንስ ቆቡ ይታየኛል።»

ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ። «ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ቀዛፊ ያስፈልገኛል። ስማ፤ ስትፈራ ፈራሁ በለኝ። ነፋስ ነው አትበል፣ በርዶኝ ነው አትበል፣ ኳስ አታንቀሳቅስ። ፈራሁ፤ በቃ።»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ነው የምፈራው።»

«እንግዲያው ሁልጊዜ በለኛ።»

«ፈራሁ።»

«ገና ጀልባው ላይ አልወጣህም እኮ!» አለችና ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲስቅ አየው።

የሁለተኛው ማጣሪያ ቀን ሲነጋ ሰማዩ ደመና ነበር። ከመነሻው ጥሩ ሄዱ። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሰው ሁለተኛውን ሲያጋምሱ ግን ነፋሱ ተነሳ። ሐይቁ ጠቆረ። ሞገዱ ጀልባውን ሽቅብ ያነሳዋል፣ ቁልቁል ይጥለዋል። በስተቀኝ አንድ ቀይ ባንዲራ ከፍ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ቀዛፊዎች ዋናተኞቻቸውን ማውጣት ጀምረዋል።

ቀያሹ ባንዲራውን በአንድ እጁ ጨበጠ። ቢጫው ቆብ ጠፋ። ወጣ። ጠፋ። ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ «አንሳው» ይላል። አንዴ ብቻ ከፍ ቢያደርገው መጥተው ያወጧታል፤ ትደርቃለች፣ ትሞቃለች፣ ትኖራለች። ማንም ደግሞ አይወቅሰውም። ባያነሳውና አንድ ነገር ብትሆን ግን? ክንዱ ግማሽ መንገድ ተነሳ።

እዚያው ቆመ።

«ሽቦ!» ብሎ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ሽቦ! ፈራሁ!»

ቀና አለች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። እንደወትሮዋ ትስቅብኛለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም።

«እኔም!» አለችው።

«ምን?»

«እኔም ፈራሁ!» ሞገድ አፏን ሞላው፤ ተፋችው። «ሁልጊዜ ነው የምፈራው! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ!»

ከኳሷ ጀርባ የሳቀችው ሳቅ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። ይህን ሁሉ ቅዳሜና እሑድ፣ ጀልባው ላይ አንድ ፈሪ፣ ውሃው ውስጥ አንድ ፈሪ ሆነው፣ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ሲሄዱ ከርመዋል።

«ላውጣሽ?»

ዳሩን አየች፤ ራቅ ብሎ ይታያል። ውሃውን አየች። እሱን አየችው።

«አይ! አትራቀኝ ብቻ! ቅዘፍ!»

መነጽሯን መልሳ ገባች። ቀያሹ ባንዲራውን ከመቀመጫው በታች አድርጎ ተቀመጠበት። ልክ ይሁን ስህተት አላወቀም፤ ለዚህ መሣሪያ የለውም። መዳፉ እስኪላጥ ቀዘፈ። ፊቷ በወጣ ቁጥር ዓይኗ ይፈልገዋል፤ እሱም እንድታገኘው አጎንብሶ ይጠብቃታል። «አለሁ!» ይላል። ትጠፋለች። «አለሁ!» ይላል። ድምፁ ሲዘጋም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ዳር የደረሰችው፣ ሰዓት ያዡ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ካስገባ በኋላ ነው፤ ሳይነፋው ግን እጇ ደረቅ መሬት ነካ። «አልፋለች!» አለ ሰውዬው፣ ለራሱም እየገረመው። አባቷ ኮታቸውን አውልቀው ጠቀለሏት፤ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ቀያሹ ጀልባውን ጥሎ እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ውሃ ውስጥ እየተንቦራጨቀ መጣና አጠገቧ አሸዋው ላይ ተዘረፈጠ። እሷ የተላጠ መዳፉን አየች፤ ወሰደችና በሁለት ቀዝቃዛ እጆቿ መሃል አደረገችው።

«አሁንም እየፈራሁ ነው» አላት።

«አሁን ደግሞ ምኑን? ደረቅ መሬት ላይ ነን እኮ።»

«ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር አለ። እምቢ ትይኛለሽ ብዬ።»

ሽቦ ጥርሷ እየተንገጫገጨ አየችው። «ሳትጠይቀኝ መልሱን ለካኸው?»

«እንግዲህ ጠይቃት!» አሉ አባቷ ከበላያቸው፣ ክንዳቸውን አጣምረው እየዘለሉ። «ኮቴን ሰጥቻት በረደኝ እኮ!»

ጠየቃት። ድምፁ ስለተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረበት።

ሽቦ አፏን ከፈተች። ብርዱ ግን አገጯን አልታዘዝ አስብሎታል።

«እ...» አለች። «እ... እ...»

«እሺ»ም «እምቢ»ም የሚጀምሩት በዚያው ፊደል ነው። ቀያሹ በዕድሜው ሁሉ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቶ አያውቅም።

«...ሺ» አለች በመጨረሻ።